የመጋዘን ሦስት ወረቀት

እንዳለው የሚባለው ሰው የሞተው በደንቡ መሠረት ነው። ቡሬ ከተማ ዳር ባለው የእህል መጋዘን ዐሥራ አንድ ዓመት ሚዛን ላይ ሲሠራ አንድ ቀን ያለ ወረቀት በር አልፎ አያውቅም። ሰኞ ጠዋትም በመጋዘን ሦስት በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘ፤ ክብ ማኅተም ነበረበት። አነበበውና አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፤ ከዚያም በሩን ከፍቶ ገባ።

መጋዘኑ ከሐሙስ ጀምሮ ነቀዝ በሚገድል ጋዝ ታፍኖ ነበር። ጋዙ ደግሞ ነቀዝና ሰው አይለይም። ጫኞቹ ሦስት ሰዓት ላይ ሲደርሱ እንዳለውን ከበሩ አምስት እርምጃ ገባ ብሎ በደረቱ ተደፍቶ አገኙት። ከኪሱ የወጣው ወረቀት እንዲህ ይላል፦

«መጋዘን ቁጥር 3። የእህል መጠን፦ 84,600 ኪ.ግ። ሙቀት፦ 24,5 ዲግሪ። የጋዝ መጠን፦ 0,04። መግባት ተፈቅዷል።»

ዋና ኢንስፔክተር ንግሥቴ ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ነው የመጣችው። የመሥሪያ ቤቷ መኪና ነዳጅ ሲኖረው ሹፌር አይኖረውም፤ ሹፌር ሲኖረው ነዳጅ የለም። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰው ሁሉ ጅል ነው ብላ አታምንም፤ ሥራዋ ግን በየቀኑ አዲስ ምስክር እየጠራ ያቀርብላት ነበር። የዛሬው የመጀመሪያ ምስክር ሳጅን መሐሪ ነበር፤ ከግቢው በር ላይ ሰላምታ ሰጥቶ ደረቱን ነፍቶ ጠበቃት።

«ጉዳዩ አልቋል ኢንስፔክተር! በከንቱ ደከሙ። ገዳዩ በእጄ ነው።»

«ማን ነው?»

«የኮምፒውተሩ ልጅ፣ ይታገሱ የሚባለው። የጋዝ መለኪያውን ፕሮግራም የሠራው እሱ ነው። ላፕቶፑ ነጥብ መጻፍ ባለበት ቦታ ኮማ ይጽፋል፤ አገር ያወቀው ነገር ነው። ወረቀቱም በኮማ ነው የተጻፈ። ኮማው ቁጥሩን አሳሳተው፤ ብዙውን ጋዝ ትንሽ አደረገው። ሰው ሞተ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ዐቃቤ ሕግ እልከዋለሁ።»

«ኮማ እንዴት አድርጎ ነው ብዙውን ትንሽ የሚያደርገው?»

ሳጅኑ ጢሙን ዳሰሰ። «እሱን እንግዲህ የተማረ ሰው ይንገረን።»

«ያልገባህን ነገር ጽፈህ ሰው አሰርክበት ማለት ነው። ወረቀቱን ለማን አሳየህ?»

«ለማንም! ከሟቹ ኪስ በእጄ አውጥቼ ወዲያው በፖስታ አሸግሁት። በኮማ መጻፉን ብቻ ነው ለሰው የተናገርሁ።»

«ተመስገን፤ አንድ ነገር ሠርተሃል።»

ንግሥቴ ወደ ኋላዋ ተመለከተች። ከግቢው ውጭ መንገዱን ሞልተው የተቀመጡት የእንዳለው ዘመዶች ናቸው፤ ከቡሬ ዙሪያ ገጠር የመጡ፣ አባታቸው ከአዊ የሆኑ ገበሬዎች። ሴቶቹ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በአዊኛ ያለቅሳሉ። ወንዶቹ አያለቅሱም፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በሩን ያያሉ። የኮምፒውተሩ ልጅ ገደለው ተብሎ ተነግሯቸዋል። ልጁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚህ በር ሲወጣ ፍኖተ ሰላም በሕይወቱ ይድረስ አይድረስ፣ ሳጅን መሐሪ አላሰበበትም። ሳጅን መሐሪ ማሰብ የአለቃ ሥራ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

ይታገሱ እጆቹ ታስረው በሚዛን ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከንፈሩ ደርቋል።

«ላፕቶፕህ ለምን በኮማ ይጽፋል?» አለችው ገና ሳትቀመጥ።

«ጀርመን ያሉ ደንበኞች አሉኝ፤ በኢንተርኔት ነው የምሠራላቸው። የአገር ሴቲንጉን ለእነሱ እንዲመች አድርጌ ነው የተውኩት።»

«አሳየኝ።»

ሳጅኑ ሰንሰለቱን ሲፈታ እያጉረመረመ ነበር። ልጁ ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ከሃምሳ ሳንቲም ብሎ አስገባ። ስክሪኑ ላይ «1.500,50 ብር» ተብሎ ታየ። ከዚያ ሴቲንጉን ገልብጦ ኢትዮጵያ አደረገው። ወዲያው «ብር 1,500.50» ሆነ፤ ብሩም ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ።

«ገንዘቡ ተለወጠ?»

«አልተለወጠም። ውስጥ ያለው ያው ነው፤ የሚለወጠው ልብሱ ነው። ነጥብና ኮማ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ በቃ። ኮማ ቁጥር አያሳስትም ብዬ ለሳጅኑ ብነግረው፣ ዝም በል አለኝ።»

«የመጋዘኑን ወረቀት በዚህ ላፕቶፕ አትመህ ታውቃለህ?»

«ለሙከራ፣ ባለፈው ወር። ሙሉውን ወረቀት፣ ሊገባ የታቀደውን የእህል መጠን ሞልቼ፣ መጀመሪያ ለሥርጉት በቴሌግራም ላክሁላት፤ የጥራት ተቆጣጣሪዋ ናት። በማግሥቱ በሥራ አስኪያጁ በአቶ ላቀው ቢሮ አንድ ወረቀት አትሜ አሳየሁ። ያን ጊዜ መጋዘኑ ባዶ ነበር፤ ክብደት የለውም፣ ሙቀትና ጋዝ ብቻ ነው የነበረበት። አቶ ላቀው ኮማውን አይቶ ሳቀብኝ። ከዚያ የቢሮውን ኮምፒውተር ወደ ኢትዮጵያ አስተካከልሁት።»

«የራስህንስ?»

«የእኔን አልነካሁትም። እኔ ጋ ይሠራል።»

«እኔ ጋ ይሠራል!» አለች ንግሥቴ። «የሰነፍ ባለሙያ ሁሉ መልስ! ትናንት እዚህ መጥተህ ነበር?»

«ከሰዓት በኋላ መጥቼ ነበር፤ ኔትወርክ ተበላሽቶ ጠሩኝ። እትዬ... እኔ ያን ወረቀት አላተምሁም። በእናቴ ይዤዎታለሁ፣ በዚያ በር አያውጡኝ። ሰዎቹን በመስኮት አይቻቸዋለሁ።»

ንግሥቴ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አቀናች። ማጽናናት ሥራዋ አልነበረም፤ ደግሞም ገና እርግጠኛ አልነበረችም።

የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ላቀው ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ሰክቶ ነው የተቀበላት። ቢሮው ግድግዳ ላይ የምስጋና ወረቀቶች ከጣሪያ እስከ ወገብ ተሰቅለዋል፤ ግማሾቹን ራሱ ለራሱ ያጻፋቸው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ አበባ አለ። አበባው አቧራ ጠጥቷል፣ ጠረጴዛው አቧራ ጠጥቷል፣ የኮምፒውተሩ ስክሪን አቧራ ጠጥቷል። የፊደል ሰሌዳው ግን ንጹሕ ነበር።

«ምን ዓይነት ሰው ነው ያጣነው!» አለ አቶ ላቀው፣ መሐረቡን ደረቅ ዓይኑ ላይ እያዞረ። «ወንድሜ ማለት ነው። ለተዝካሩ አንድ በሬ የእኔ ነው ብያለሁ።»

«ገና ሳይቀበር?»

«ቸር ሰው ቀድሞ ያስባል ኢንስፔክተር።»

«ይህ ኮምፒውተር የማን ነው?»

«የጸሐፊዬ። እሷ ወልዳ ቤቷ ከተኛች ሦስት ሳምንት ሆናት። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜዬ ያለቀው በሚዛንና በኩንታል ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ማንም ይገባል፣ ማንም ይወጣል።»

«ስለ ልጁ ምን ያስባሉ?»

«ልጅ ነው፤ ጥጋበኛ ነው። ባለፈው ወር ያሳየን ወረቀት ኮማ በኮማ ነበር! እዚሁ ቆሜ፣ ይህ ነገር አንድ ቀን ሰው ይፈጃል ብዬዋለሁ። ይጠይቋት፣ ሥርጉት ነበረች። ያን ጊዜ ማን ሰማኝ? ሕግ ባለበት አገር እንዲህ ያለ ሰው ዛሬውኑ መታሰር አለበት። ሕዝቡም ተቆጥቷል።»

«ሕዝቡን ልጁ ገደለው ብሎ የነገረው ማን ነው?»

«እውነት አይደበቅማ!» አለና አቶ ላቀው ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ፈገግ አለ።

ንግሥቴ ከዚያ ቢሮ ስትወጣ አፏን መጉመጥመጥ ፈለገች። ጥፋተኛ ሰው ብዙ አይታለች፤ ጥፋተኛ አያስጠላትም። የሚያስጠላት ሰው ሳይቀበር የተዝካሩን በሬ የሚያስነግር ነው።

ወደ መጋዘን ሦስት ጀርባ ዞረች። ሰፊ የውኃ ገንዳ አለ፤ ከሥሩ የሚሄደው ቦይ ጭቃው ሮዝ ቀለም ይዟል። አጠገቡ ባለው ዳስ ሥር እርጥብ በቆሎ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። አንድ ፍሬ አንሥታ በጥፍሯ ፋቀችው፤ እምብርቱ ላይ ቀይ ቀለም ቀርቷል።

ዘበኛው የሽዋስ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። በልጅነቱ ከቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው የሚከናነብ ሽማግሌ ነው።

«ይጣሉት እመቤቴ፤ እጅዎንም ይታጠቡ።»

«ምንድን ነው አባቴ?»

«የዘር በቆሎ ነው። መድኃኒት የተቀባ፤ ሰው እንዳይበላው ብለው ቀይ የቀቡት። ዘመኑ አልፎበት የሚዘራው ጠፋ። ቅዳሜ ሲያሳጥቡት ዋሉ። ቀይ ውኃ ሲፈስ አይቼ ደም መስሎኝ ደነገጥሁ። ደም ቢሆን ይሻል ነበር፤ ደም የአንድ ሰው ነው።»

«ለምግብ ሊሸጡት?»

«ለመዝራትማ አይዶለም።»

«ያሳጠበው ማን ነው?»

«እኔ በር ጠባቂ ነኝ። ግን ውኃ ያለ ምንጭ አይፈስም፤ ምንጩ ደግሞ ዘወትር ከላይ ነው።»

«እንዳለው ያውቅ ነበር?»

«እንዴት አያውቅ! ቅዳሜ ማታ ግቢው መሃል ቆሞ፣ ይህ በኔ ሚዛን አያልፍም፤ ሰኞ ከሥራ በፊት ካልተደፋ ወረዳ ሄጄ እናገራለሁ አለ። ሹክሹክታ አያውቅም ነበር ምስኪኑ፤ ግቢው ሁሉ ሰማው።»

«ትናንት እሑድ ማን ማን መጣ?»

«ሦስቱም መጡ። ሥርጉት ጋዙን ልታይ፣ ልጁ ሽቦ ሊሠራ፣ ጌታው አቶ ላቀው ደግሞ ከማኅበር ሲመለስ። ሰዓቱን አይጠይቁኝ፤ እኔ በፀሐይ ነው የምኖር፣ ትናንት ደግሞ ደመና ነበር። ወረቀቷን ጎሕ ሲቀድ በሩ ላይ አየኋት። ማኅተም ስላላት አልነካኋት። እዚህ ግቢ ሰው ይሞታል እንጂ ማኅተም ያለው ወረቀት አይነካም።»

ሥርጉት በላብራቶሪዋ፣ የእህል ናሙና በሞሉ ጠርሙሶች መካከል ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። ንግሥቴ ወረቀቱን ከፖስታው አውጥታ ፊቷ ላይ ዘረጋችው።

ሥርጉት ገና ስታየው፦ «ይህ ከሲስተሙ አልወጣም» አለች። «ጋዙን ትናንት ስለካው መለኪያው ገና ቀይ ያሳይ ነበር፤ ቀይ ሲሆን ሲስተሙ ወረቀት አያትምም። ይህን ሰው ተቀምጦ ኮምፒውተር ላይ በእጁ ነው የጻፈው። ማኅተሙ እኔ መሳቢያ ነው ያለው፤ መሳቢያው ቁልፍ የለውም።»

«ለሳጅኑ ነገርሽው?»

«ነገርሁት። ሲስተሙም ኮምፒውተር ነው አለኝ።»

«ልጁ ባለፈው ወር የላከልሽን አሳዪኝ።»

ሥርጉት ስልኳን ከፈተች። በላፕቶፑ የተሠራው ሙሉ ወረቀት «የእህል መጠን፦ 84.600» ይላል። ከሥሩ የእሷ መልስ አለ፦ «ሰማንያ አራት ኪሎ በቆሎ ለመጠበቅ ነው እንዴ የቀጠሩኝ?»

ንግሥቴ ስልኩንና ወረቀቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ቁጥር በቁጥር አነጻጸረቻቸው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ይህን መልእክት አቶ ላቀው አይቶታል?»

«የእኔና የይታገሱ ነው። ማንም አላየውም።»

«ከመጋዘኑ ጀርባ ያለውን ቀይ ውኃስ አይተሻል?»

ሥርጉት አቀረቀረች። «አይቻለሁ።»

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለእንዳለው። እኔ... ልጆች አሉኝ እትዬ። እሱ ደፋር ነው፤ ይናገራል ብዬ ነው።»

«እሱስ ልጆች የሉትም?»

ንግሥቴ መልሱን አልጠበቀችም፤ በሩን ክፍት ትታው ወጣች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም አቶ ላቀው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። አቶ ላቀው ከትልቁ ወንበሩ አልተነሣም። ሥርጉት በሩ አጠገብ ቆመች። የሽዋስ ከግድግዳው ተጠጋ። ይታገሱ በሳጅኑና በመስኮቱ መካከል ቆሟል፤ በመስኮቱ በኩል የለቅሶው ድምፅ ይገባል። ሳጅኑ ሰዓቱን ያያል።

«ይህን ልጅ ከመላኬ በፊት የባለሙያ ቃል ያስፈልገኛል» አለች ንግሥቴ፤ ከሳጅኑ በቀር ለእያንዳንዳቸው ቁራጭ ወረቀት አደለች። «የልጁ ላፕቶፕ ቁጥር አበላሽቶ ይጽፋል ብላችኋል። እንዴት እንደሚጽፍ አሳዩኝ። አርባ ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ፤ ከሥሩ ሃያ ሦስት ዲግሪ ከግማሽ። በቁጥር ጻፉልኝ፤ አትነጋገሩ።»

አቶ ላቀው ከሦስቱ እስክሪብቶዎቹ አንዱን መዝዞ ቢሞክር አልጽፍ አለው፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ጽፎ ከሁሉም ቀድሞ አስረከበ።

ንግሥቴ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች።

«ይታገሱ፦ አርባ ሰባት፣ ነጥብ፣ ሦስት መቶ። ሃያ ሦስት፣ ኮማ፣ አምስት። ሥርጉት፦ አርባ ሰባት፣ ነጥብ፣ ሦስት መቶ። ሃያ ሦስት፣ ኮማ፣ አምስት። አባ የሽዋስ...» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «፬፼፸፫፻ ብለው በግዕዝ ጽፈዋል። ነጥብም ኮማም የለውም። ግማሹን ዲግሪ ትተውታል።»

«ግማሽ በግዕዝ አልተማርሁም» አለ ዘበኛው። «ከማላውቀው ብተወው ብዬ ነው።»

«እዚህ ቤት የማያውቀውን የሚተው አንድ ሰው በመገኘቱ ደስ ብሎኛል። አቶ ላቀው ደግሞ፦ አርባ ሰባት፣ ኮማ፣ ሦስት መቶ። ሃያ ሦስት፣ ኮማ፣ አምስት።»

«ኮማ በኮማ!» አለ አቶ ላቀው ለሳጅኑ። «አላልሁም?»

«ብለዋል። ኮማ በኮማ የሚጽፍ ኮምፒውተር ግን በዓለም ላይ የለም።» ንግሥቴ የሟቹን ወረቀት ከፖስታው አውጥታ ከፍ አደረገችው። «ሳጅን፣ ስማ። ኮምፒውተር የየትኛው አገር ሰው ነህ ተብሎ ይሞላል። ኢትዮጵያ ካልኸው ሺህን በኮማ ይከፍላል፣ ሽራፊን በነጥብ። ጀርመን ካልኸው ይገለብጠዋል፤ ሺህን በነጥብ፣ ሽራፊን በኮማ። ይህን ወይም ያን ነው፤ ሁለቱን አይቀይጥም። ከቀየጠ ኮማው ሺህ ይሁን ሽራፊ ራሱም አይለየውም። አሁን ከእንዳለው ኪስ የወጣውን እይ። ሙቀቱ ሃያ አራት ኮማ አምስት፤ ይህ የጀርመን ነው። ክብደቱ ሰማንያ አራት ኮማ ስድስት መቶ፤ ይህ የኢትዮጵያ ነው። የልጁ ላፕቶፕ ይህን ሊጽፍ አይችልም። የቢሮውም ኮምፒውተር በራሱ አይችልም። ፊደል እየለቀመ የጻፈው ሰው ነው። ያ ሰው ልጁን ሊያስጠረጥር ፈልጎ ነጥቡን ሁሉ ኮማ አደረገው፤ የሺህን ኮማ ግን ድሮ እንደለመደው ተወው። ግማሹን ያውቃል፤ ሌላውን ግማሽ የማያውቅ መሆኑን አያውቅም።»

ሳጅኑ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ሥርጉት ብትሆንስ?» አለ ሳጅኑ፣ ተሸንፎ ላለመቅረት።

«ሥርጉት ሙሉውን ወረቀት ከወር በፊት አይታ የሺሁን ነጥብ ራሷ ናት የቀለደችበት። ይህን ስሕተት አትሠራም። ልጁ ማሽኑን ያውቀዋል፤ ራሱን ለማሳሰር ብሎ አሳስቶ አይጽፍም። አባ የሽዋስ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ክብደት የሌለበትን የሙከራ ወረቀት ብቻ ያየ፣ ከወረቀቷም ኮማ ብቻ የተማረ አንድ ሰው ነው የሚቀረው።»

አቶ ላቀው ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቀረ። «ይህ ጨዋታ ነው! እኔ ኮምፒውተር መክፈት አላውቅም።»

«ይታገሱ፣ ይህን ኮምፒውተር ክፈተው። የተደመሰሱ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ቅርጫት አሳየን።»

ልጁ ከፈተው። ቅርጫቱ ውስጥ ሦስት ወረቀቶች ነበሩ፤ ሦስቱም እሑድ ከሰዓት በኋላ የተጻፉ ናቸው። በመጀመሪያው ላይ ሙቀቱም ጋዙም በነጥብ ነው። በሁለተኛው ሙቀቱ ወደ ኮማ ዞሯል። ሦስተኛው ከእንዳለው ኪስ የተገኘው ራሱ ነው።

«የደመሰሰው ሰው የጠፋ መሰለው» አለች ንግሥቴ። «ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ስለጣሉት አይጠፋም፤ መድፋት ያስፈልጋል። ይህንንም ግማሹን ነው የሚያውቀው። አቧራው ሦስት ሳምንት የተኛበት ቢሮ ውስጥ ደግሞ የፊደል ሰሌዳው ብቻ ተወልውሏል። ኮምፒውተሩ የት እንደተጻፈ ነገረኝ፣ ኮማው የማን እጅ እንደሆነ ነገረኝ፣ ከጀርባ ያለው ቀይ ውኃ ደግሞ ለምን እንደሆነ ነገረኝ። መርዝ የተቀባ ዘር አሳጥበህ ለሰው ልታበላ ነበር። እንዳለው በእኔ ሚዛን አያልፍም አለህ። ያለ ወረቀት እንደማይገባ፣ ወረቀት ካየ ግን እንደማይጠራጠር ታውቅ ነበር።»

አቶ ላቀው «አንተ» መባሉን ሰምቶ ከግድያው ክስ ይልቅ እሱ የከበደው ይመስል ፊቱ ጠቆረ።

«በአንዲት ኮማ የተከበረ ሰው ይከሰሳል?»

«ኮማዋማ ምን አደረገችህ? የመሰከረብህ ድንቁርናህ ነው።»

«ምን ነበረበት ዝም ቢል!» ብሎ ጮኸ አቶ ላቀው ከወንበሩ ተነሥቶ። «ታጥቧል እኮ! ሁለት ጊዜ ታጥቧል! የሚበላው ገበሬ ነው፤ ገበሬ የማይበላው ምን አለ? አንድ ሚዛን ቆጣሪ፣ አባቱ በአዊኛ የሚያለቅስ ሰው፣ እኔን ሕግ ሊያስተምረኝ...»

የተናገረውን ጆሮው የሰማው ዘግይቶ ነው። ተመልሶ ተቀመጠ። የሽዋስ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ከአጠገቡ ራቅ አለ፣ ጭቃ እንዳይነካው የሚሸሽ ሰው እንደሚያደርገው። ሳጅን መሐሪ ሰንሰለቱን ይዞ ወደማን እንደሚሄድ ለአፍታ ግራ ገባው፤ ንግሥቴ በአገጭዋ አሳየችው።

«እንግዲህ ልጁን በኋላ በር ላስወጣው ኢንስፔክተር? ሕዝቡ ገና አልሰማም።»

«በኋላ በር የሚወጣው ይህኛው ነው። በቆሎው ላይ ዘብ አቁም፤ አንድ ፍሬ እንዳይወጣ። ልጁ በፊት በር ይወጣል፤ እኔ አብሬው እሄዳለሁ።»

ይታገሱ ከንግሥቴ ጎን ከቢሮው ወጣ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ግቢውን ሲያጋምሱ። «ነጻ አወጡኝ።»

«ነጻ ነህ። ንጹሕ ነህ አላልሁም። ወረቀትህ አንዱን ቁጥር እዚህ በአንድ መልክ፣ እዚያ በሌላ መልክ እንደሚጽፍ ከወር በፊት ታውቅ ነበር። ሥርጉት ነገረችህ። እኔ ጋ ይሠራል ብለህ ተውከው። ሰውየው ባንተ ስንፍና ነው የተሸሸገ። አሁን ሄደህ ለሚስቱ የሆነውን ራስህ ንገራት፤ እኔ አልነግርልህም።»

በሩ ሲከፈት ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ንግሥቴ እጇን አንሥታ ገዳዩ ሥራ አስኪያጁ መሆኑን፣ መያዙንም ተናገረች፤ በአጭሩ፣ ሳትቆጣና ሳታባብል። ከገበሬዎቹ አንዱ ለሽማግሌዎቹ በአዊኛ ደገመላቸው። ዱላዎቹ ቀስ በቀስ ወረዱ።

የእንዳለው ሚስት አገሬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ይታገሱ ፊቷ ተንበረከከ። ወረቀቱ ሐሰት እንደነበር፣ ላቀው እሱን ለማስጠርጠር ብሎ ቁጥሩን በኮማ እንደጻፈው፣ እሱም ያን ኮማ ሳያስተካክል በመተዉ ለላቀው መሸሸጊያ እንደሆነው ነገራት። አገሬ እስኪጨርስ ሰማችው።

«ቁጥሩን አንብቦ ነው የገባ?» አለችው።

«አዎ።»

«ጋዙ ትንሽ ነው የሚለውን አንብቦ?»

«አዎ፤ ዜሮ ኮማ ዜሮ አራት ይላል።»

አገሬ በእጇ መሬቱን ዳበሰች።

«ሲያገባኝ በጣቱ ነበር የሚፈርም» አለች። «ፊደልም ቁጥርም ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ክረምት በኩራዝ። ከሚዛን ሥራ ሲገባ ፈርቶ ነበር፤ ነጋዴው ያታልለኛል፣ ቢሮው ያታልለኛል እያለ። አይዞህ አልሁት። ሰው ይዋሻል፤ ቁጥር አይዋሽም፤ ቁጥሩን ካየህ አትፍራ አልሁት። እኔ ነኝ ያልሁት ልጄ።»

ይታገሱ አስከሬኑ ከሆስፒታል እስኪመጣ ድረስ ከለቀስተኞቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠ።